አሚን የሌለበት ምርቃት

ላለፉት አሥራ አምስት ዓመታት በዚህች አገር የወጣ ሕግ ሁሉ ፓርላማ ከመድረሱ በፊት በእኔ ማይክሮፎን ውስጥ አልፏል። ይህን ስል የሚስቅ ካለ አዳማን አያውቃትም። አዳማ ላይ ሆቴል የሚሠራ ሰው መጀመሪያ አዳራሹን ይሠራል፤ ቦታ ከተረፈው አልጋ ያስገባል። የግብር ሕግ፣ የውሃ ሕግ፣ የንብ ማነብ መመሪያ፣ ሁሉም «የባለድርሻ አካላት ውይይት» ተብሎ በፈጣኑ መንገድ ይመጣና እኛ ዘንድ ይወርዳል። እኔ ለእነዚህ አዳራሾች ማይክና ሞንታርቦ የማከራይ ሰው ነኝ። ባለሥልጣን መድረክ ላይ ወጥቶ «ይሰማል?» ሲል «ይሰማል!» ብዬ የምመልሰው እኔ ነኝ። እኔ ካልመለስኩ አገር ባለችበት ትቆማለች።

እውነቱን ለመናገር ግን ከእነዚያ ሕጎች አንዱንም አልሰማሁም። ከድምፅ መቆጣጠሪያዬ ከሚክሰሩ ኋላ አንዲት ወንበር አለችኝ፤ የመጀመሪያው ተናጋሪ «በቅድሚያ» ሲል እንቅልፍ ይወስደኛል፣ «በመጨረሻም» ሲል እነቃለሁ። የድምፅ ብክለት መመሪያ በገዛ ሞንታርቦዬ ሁለት ቀን ሙሉ ሲወያዩበት እንዲሁ ተኝቼ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለት ሞንታርቦ መኪና ላይ ጭኜ አዲስ የተከፈተ ጫማ ቤት ሳስተዋውቅ ደንብ አስከባሪዎች አስቆሙኝ።

«ስለዚህ መመሪያ አልሰማህም?» አለኝ አንዱ።

«አሰምቻለሁ እንጂ አልሰማሁም» አልኩት።

አልሳቀልኝም። ቅጣቱንም አልቀነሰልኝም።

አንድ ቀን ግን አልተኛሁም። የዚያን ቀን ከመድረኩ በላይ የሰቀልኩት ባነር «ሰው ሠራሽ አስተውሎት በመገናኛ ብዙኃንና በባህል ሥራዎች፦ በረቂቅ መመሪያ ላይ የሚደረግ ውይይት» ይላል። መሰላሉ ላይ ቆሜ ሳነበው፣ የተፈጥሮውን አስተውሎት ጨርሰን ነው ወይ ወደ ሰው ሠራሹ የገባነው ብዬ ለብቻዬ ሳቅኩ።

ከታች አንዲት ሴት ቀና ብላ አየችኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጭን ናት፤ ያደረገችው ጠፍጣፋ ጫማ ነው፤ ደረቷ ላይ የወረቀት ክምር ታቅፋለች። አስተናጋጅ መስላኝ «የኔ እመቤት፣ ያን ገመድ አቀብይኝ» አልኳት። ወረቀቱን ወንበር ላይ አስቀምጣ ገመዱን አቀበለችኝ። ኋላ ስሰማ ረቂቁን የጻፈችው የሕግ ባለሙያ እሷ ናት። ከአዲስ አበባ ሌሊት ተነስታ መጥታ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የራሷን ረቂቅ በየወንበሩ ስታድል ነበር። እኔ በሥራ ዘመኔ ወረቀት የሚያድል ኃላፊ አይቼ አላውቅም፤ ወረቀት የሚያነብም ብዙ አላየሁም።

«ጋሼ፣ የኋላው ረድፍ ይሰማል?» አለችኝ ማይኩን ስትሞክር።

«እኅቴ፣ ሞጆ ድረስ ይሰማል።»

«ሞጆን አልጠራንም። የኋላው ረድፍ ይበቃኛል።»

በዚያች ንግግር ወደድኳት።

የፕሮግራሙ የመጀመሪያ ተራ እንደ ወጉ «ምርቃት በአገር ሽማግሌ» ነበር። የተጠሩት ደግሞ ከአርሲ ነገሌ የመጡ ሀጂ ናቸው። ሀጂን ከባቱ እስከ ሻሸመኔ የማያውቅ የለም። ድሮ እህል ነጋዴ ነበሩ፤ አሁን ሥራቸው ሰው ማስታረቅና መመረቅ ነው። ሰርግ ይመርቃሉ፣ አዲስ ወፍጮ ይመርቃሉ፣ በበሬ የተጣሉ ጎረቤታሞችን አስታርቀው በሬውን ራሱን ይመርቃሉ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይጠራቸዋል። እሳቸው ያልመረቁት ወፍጮ ድንጋዩ ይላላል ይባላል፤ እኔ ደግሞ እሳቸው መርቀውት ያለ መብራት የፈጨ ወፍጮ አይቻለሁ ብዬ ለብዙ ሰው አውርቻለሁ። አሥር ዓመት ሙሉ በየሰርጉ ማይክ የዘረጋሁላቸው እኔ ነኝ።

ሀጂ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ፤ ማይኩን አቀበልኳቸው።

«አሰላሙ አለይኩም። ነጋ ጂርቱ? እንደምን አደራችሁ?» አሉ፤ አዳራሹ በሦስቱም ቋንቋ መለሰ። ሰው ሁሉ እጁን ለአሚን ዘረጋ።

«እጃችሁን አጥፉ። እኔ ዛሬ አልመርቅም» አሉ ሀጂ።

ሚክሰሬ ላይ ያለው መብራት ራሱ የደነገጠ መሰለኝ።

«ሁለት ወር ሆነኝ አፌን ከዘጋሁ። እኔ የመረቅኩት የለም፤ በእኔ ድምፅ የተመረቀ ግን አለ። ቡልቡላ ገበያ ላይ በመኪና ሞንታርቦ ጭነው የሽንኩርት ዘር ይሸጣሉ። በየስልኩም አለ ይላሉ። ‘ይህ ዘር ይብቀልላችሁ፣ ማሳችሁ ይሙላ፣ ጎተራችሁ ይትረፍረፍ’ እያልኩ እኔ እመርቃለሁ። እኔ ግን ያን ጊዜ ነገሌ ቤቴ ተቀምጬ ጥርሴን አሞኝ ነበር።»

ሰው ሊስቅ ጀምሮ ፊታቸውን አይቶ ተወው።

«ገበሬው ‘ሀጂ የመረቀው ነው’ ብሎ ገዛ። ዘሩ ግማሹ መሬት ውስጥ ቀረ። መጡብኝ። ‘ሀጂ፣ እርስዎ ባይመርቁት አንገዛም ነበር’ አሉኝ። እኔ አይደለሁም አልኩ። ስልካቸውን አውጥተው ድምፄን አሰሙኝ። ሚስቴ ከጓዳ ወጥታ ሰማችው፤ ‘ኧረ አንተ ነህ’ አለችኝ። አርባ አምስት ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት! ከዚያ ወዲህ ሽምግልና ስቀመጥ አንዱ ጎረምሳ ‘የትኛው ሀጂ ነው የሚያስታርቀን?’ አለኝ። ባለፈው ሳምንት የወንድሜ የልጅ ልጅ ተዳረች፤ በልቼ ዝም ብዬ ወጣሁ። የሰው ልጅ ሽማግሌ ሆኖ ምርቃቱ ካልታመነ ምን ቀረው? ያ ድምፅ የእኔ እንዳልሆነ ቡልቡላ ገበያ ላይ የቆመ ሁሉ እስኪያውቅ አልመርቅም። ጨረስኩ።»

ማይኩን መልሰውልኝ ተቀመጡ። መድረክ መሪው ላብ በላብ ሆኖ «ሀጂን እያመሰገንን ወደ ቀጣዩ መርሐ ግብር…» ሲል የሕግ ባለሙያዋ ብድግ አለች።

«ቀጣዩ መርሐ ግብር እሳቸው የተናገሩት ነው» አለች።

ላፕቶፗ ላይ አርባ ምናምን ስላይድ ነበራት፤ ፕሮጀክተሩን የሰካሁላት እኔ ስለሆንኩ አይቼዋለሁ። ስላይዱን ዘጋችው። ረቂቁን ብቻ ግድግዳው ላይ አበራችና «ይህ የጻፍኩት ነገር ሀጂን ይረዳቸዋል ወይስ አይረዳቸውም? ዛሬ ይሄን ብቻ ነው የምንጠይቀው» አለች። አርባ ስላይድ ይዞ መጥቶ አንዱንም ሳያሳይ የተቀመጠ ሰው በእኔ ዕድሜ አልታየም። ለእሷ ሐውልት ቢያንሳት ከአዳራሹ በር ላይ አንድ ሞንታርቦ በስሟ አቆምላት ነበር።

የመጀመሪያው አንቀጽ፣ በማሽን የተሠራ ድምፅም ሆነ ምስል የሚያሰራጭ ሁሉ «ይህ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ነው» ብሎ ምልክት እንዲያደርግበት ያዛል። ይህን ጊዜ የአንድ ራዲዮ ጣቢያ ሥራ አስኪያጅ እጁን አወጣ። ነጭ ሸሚዙ ከመተኮሱ ብዛት ብቻውን የሚቆም ነው።

«አድማጭን አንናቀው» አለ። «በየማስታወቂያው ላይ ይህን ስንለጥፍ ማን ይሰማናል? ደግሞ የሰው ጆሮ የማሽኑን ከእውነተኛው ይለያል። እኔ አልመሰክርም፤ ባለሙያ እዚሁ አለ። ጋሼን ጠይቁ!»

መቶ ሃያ ሰው ወደ ኋላ ዞረ። አሥራ አምስት ዓመት ጀርባቸውን ብቻ ያየኋቸው ሰዎች ፊት እንዳላቸው ያን ቀን አወቅኩ።

«እለያለሁ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «ማሽን የተናገረውን ከመንገድ ማዶ እለየዋለሁ። ጆሮዬ የወንድና የሴት ትንኝ ይለያል።»

ባለሙያዋ ፈገግ ብላ ስልኳን ይዛ ወደ ሚክሰሩ መጣች። «ሁለት የሀጂ ድምፅ አለኝ። አንዱ ቡልቡላ የተሰራጨው ነው። ሌላው የጎረቤታቸው ሰርግ ላይ ሰው በስልኩ የቀረጸው ነው። የትኛው የቱ እንደሆነ ግን አልናገርም። ጋሼ ሰምተው ይንገሩን።»

ሽቦውን ሰካሁ። የመጀመሪያው ድምፅ ጥርት ያለ ነበር፤ እንደ ጠበል የጠራ፤ ሀጂ ጆሮዬ ሥር ቆመው የመረቁኝ መሰለኝ። ሁለተኛው ጉድ ነው። ነፋስ አለበት፣ የባጃጅ ጥሩምባ አለበት፣ አህያም ሳትጠራ ገብታበታለች፤ በየመሃሉ ሰዉ «አሚን» እያለ ያቋርጣቸዋል።

ጊዜ አልፈጀሁም።

«ይሄ ሁለተኛው የማሽን ነው» አልኩ። «ሰው በእጁ እንዲህ አበላሽቶ ሊቀርጽ አይችልም። አሚኖቹም በጣም አንድ ላይ ናቸው፤ ኮምፒውተር የጨመራቸው ናቸው። አህያዋም ሐሰተኛ ናት። የመጀመሪያው ግን ባለሙያ የቀረጸው እውነተኛ ድምፅ ነው።»

«ሀጂ?» አለች ባለሙያዋ።

«አህያዋ የእኔ ናት» አሉ ሀጂ።

የሳቁን ነገር አልነግራችሁም። ጣሪያው ላይ የነበሩት እርግቦች ወጥተው ለሳምንት አልተመለሱም። ሥራ አስኪያጁ ወንበሩ ውስጥ ሰጠመ። ባለሙያዋ ብቻ አልሳቀችም። ማይኩን ተቀብላኝ «ጋሼን እናመስግን» አለች። «በድምፅ ሥራ የኖሩ ሰው በቅን ልቦና ተሳሳቱ። እሳቸው ካልለዩት ገበያ መሃል ሽንኩርት የያዘ ገበሬ እንዴት ይለየዋል? ምልክቱ ከረቂቁ አይወጣም።» በሕይወቴ ተሳስቼ የተመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ምስጋናው ደፋር አደረገኝ መሰለኝ፣ «እኅቴ፣ ግን ምልክቱ ጽሑፍ ከሆነ ዋጋ የለውም» አልኳት። «ሞንታርቦ አይነበብም። የገበያ ሰው በጆሮው ነው የሚገዛው። ምልክቱ ራሱ መጮህ አለበት፤ ማስታወቂያው በኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ ከሆነ በአማርኛ።»

ላፕቶፗ ላይ ጎንበስ ብላ ጻፈች፤ ግድግዳው ላይ «ምልክቱ በድምፅ ለተሰራጨ ሥራ በሚሰማ ድምፅና በዚያው ቋንቋ ይነገራል» የሚል መስመር ሲወጣ በዓይኔ አየሁት። የእኔ አንቀጽ! ልጆቼ ሲወለዱ እንደዚያ አልኮራሁም፤ ያን ጊዜ ስለ ልጆቹ ብዙ የማውቀው ነገር አልነበረም።

ሀጂ ግን አልረኩም። ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ።

«ልጄ፣ ያን የመጀመሪያውን ድምፅ እኔ እንዴት እንዳወቅኩት ልንገርሽ? ድምፁስ የእኔ ነው፤ እኔንም ያሳስታል። ግን አይጠብቅም። ምርቃት ከአፌ ሲወጣ ግማሽ ነው። ግማሹ ያለው እነሱ አፍ ውስጥ ነው። ‘ይብቀልላችሁ’ እላለሁ፤ ‘አሚን’ እስኪሉ እቆማለሁ። አሚኑ ከሳሳ ቀና ብዬ አያለሁ፤ ከመሃላቸው የተጣላ አለ ማለት ነው። ማን ነው ብዬ፣ አስታርቄ ነው የምቀጥለው። አንድ ሰርግ ላይ እንዲህ ቆሜ ምሳው ቀዝቅዟል። ይሄ ግን ማንንም አይጠብቅም፤ አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው ይሮጣል። አሚኑን ማን ወሰደው?»

ባለሙያዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ቀጥሎ የነበረው አንቀጽ «የሰውን ድምፅ አስመስሎ ለመሥራት የባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል» ይላል።

«ይሄ ይበቃል፣ ሀጂ?» አለች።

«አንዴ ከፈረምኩ?»

ሥራ አስኪያጁ ከሰጠመበት ብቅ አለ። «አንዴ ከፈረሙ አለቀ። ውል ውል ነው።»

«ለሰርግ የፈረምኩት ለሽንኩርት ይሆናል?»

ባለሙያዋ ያን ዐረፍተ ነገር ግድግዳው ላይ እያየነው አጠፋችው። ኋላ እንደነገረችኝ ያን አንድ መስመር ለመጻፍ ሦስት ወር ከአለቆቿ ጋር ተከራክራለች። መቶ ሃያ ሰው ፊት፣ ፊቷ ሳይለዋወጥ ሰረዘችው። በምትኩ ፈቃዱ ለእያንዳንዱ አገልግሎት በተናጠል እንደሚጠየቅ፣ በጋራ የሚከወን ሥርዓት ከሆነም የሚመልሰውን ሕዝብ ድርሻ ቆርጦ ማውጣት እንደሚከለከል ጻፈች። እየጻፈች «እንዲህ ነው ወይ፣ ሀጂ?» ትላለች፤ እሳቸው «ትንሽ ቀረሽ» ይላሉ፤ ትሰርዛለች። የተማረ ሰው እንዲህ ሲሠራ ማየት እኔን አስተማሪ ፊት እንደቆመ ተማሪ አደረገኝ።

ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። «አሚኑን ማን ወሰደው?» ካሉ ጀምሮ ሀጂን ቀና ብዬ ማየት ትቼ ነበር። አሚኑን ማን እንደወሰደው አውቄ ነበርና።

እኔ ሥራዬን ንጹሕ እወዳለሁ። በየሰርጉ ማይክ ስዘረጋ ጎን ለጎን እቀርጻለሁ፤ ማንንም አስፈቅጄ አላውቅም፤ ማይኩ የእኔ ስለሆነ ድምፁም የእኔ ይመስለኛል። ቤት ስገባ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብዬ ጫጫታውን አወጣለሁ፦ የልጅ ለቅሶውን፣ የሳህን ኳኳታውን፣ የሰዉን «አሚን፣ አሚን»። ለእኔ አሚን ሀጂን የሚረብሽ ጫጫታ ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ ለቃቅሜ አንድ ፍላሽ ሞላሁ፤ ከዳር እስከ ዳር ሀጂ ብቻ። ጥርት ብሎ በተሰማው ድምፅ ላይ «ባለሙያ የቀረጸው» ብዬ የመሰከርኩት የገዛ እጄን ሥራ ሰምቼ ነው። ያን ፍላሽ ባቱ ላይ ማስታወቂያ ለሚሠራ አንድ ሰው ገልብጬ ሰጥቼዋለሁ። ለምን እንደፈለገው አልጠየቅኩትም።

ለሻይ ስንወጣ ሞንታርቦው ጀርባ ተደበቅኩ። ኬክ ቀርቦ ያልሄድኩበት ብቸኛው ቀን ነው። ሀጂ ኬክ በሳህን ይዘውልኝ መጡ።

«ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ብላ እንጂ» አሉኝ። «አንተ የማሽን ሰው ነህ። ከየት እንደወጣ ፈልግልኝ። አሥር ዓመት አብረኸኝ ዞረሃል፤ ከአንተ ሌላ ማንን እጠይቃለሁ?»

«አጣራለሁ፣ ሀጂ» አልኩ። ኬኩን ሳልቀምሰው ሞንታርቦው ላይ አስቀመጥኩት።

ከሰዓት የመጨረሻው አንቀጽ ወጣ፦ «ድምፁን ያለ ፈቃድ ቀርጾ ለሌላ አሳልፎ የሰጠ ሰውም ከሠሪው እኩል ይጠየቃል።» ባለሙያዋ «ተቃውሞ አለ?» አለች። ሰው ሁሉ ሰዓቱን እያየ ነበር፤ አበል ሊከፈል ነው። ዝም ብል ያልፍ ነበር። እጄ ግን ብቻዋን ወጣች።

«ይሄ ለቀራጩ ይከብዳል!» አልኩ። «ቀራጭ ምን በወጣው? ቢላዋ የሠራ አንጥረኛ በሬ አረደ ይባላል? ሰውዬው ለምን እንደሚውል አላወቀም፤ በቅንነት ነው የሰጠው፤ ፍላሹን እንኳ መልሶ አልተቀበለም…»

«ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፤ «አለማወቁን እርስዎ እንዴት አወቁ?»

በዚያ አዳራሽ ውስጥ ለአሥራ አምስት ዓመት ማይክ ይጮህብኛል፣ ሽቦ ይቃጠልብኛል ብዬ ስፈራ ኖሬያለሁ። የገዛ አፌ ያጋልጠኛል ብዬ ግን አንድ ቀንም አልፈራሁም። ሀጂ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ዞሩ። አላዩኝም ብል ደስ ባለኝ፤ አዩኝ።

ማይኩ እጄ ላይ ነበር። «እኔ ነኝ» አልኩ። «ፍላሹን የሰጠሁት እኔ ነኝ። አሚኑንም ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ጫጫታ መስሎኝ።» ድምፄ ተቆራረጠ፤ ከፊት ረድፍ አንዱ «አይሰማም!» አለ። ደገምኩት።

ሥራ አስኪያጁ «እንግዲህ ይኸው ተጠያቂው!» ብሎ ዘለለ። ባለሙያዋ በእጇ ምልክት ሰጥታ አስቀመጠችው። «ይህ ገና ረቂቅ ነው» አለች። «በረቂቅ ሰው አይጠየቅም። እኔ ጋሼን በምንም ልይዛቸው አልችልም።»

«ያንቺ ረቂቅ ነው» አሉ ሀጂ። «የእኛ ግን ረቂቅ አይደለም።» ከዚያ ወደ እኔ፦ «ነገ የቡልቡላ ገበያ ነው። ሞንታርቦህን ጫን።» ሌላ ቃል አልጨመሩም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማስታወቂያ ሠሪው ጋ ስደውል መጀመሪያ ሳቀ፤ ሀጂ ራሳቸው ስልኩን ተቀብለው ሲያናግሩት መሳቁን ተወ። ማስታወቂያውን ያን ማታ አነሳ። በየሰው ስልክ የገባውን ግን ማን ያነሳዋል? እሱን እየተከተልኩ ማስተባበል ያለብኝ እኔ ነኝ።

በማግስቱ ስንነሳ ባለሙያዋ መኪናዋን ወደ አዲስ አበባ መልሳ እኛው መኪና ላይ ወጣች። «አንቀጹን የሚጠቀሙበት ሰዎች ጋ ሄጄ ሳላየው አላስገባውም» አለች። ጋቢና ውስጥ ሀጂና እኔ መሃል ተቀምጣ መንገዱን ሙሉ ስለ ሽንኩርት ጠየቀች፤ ስንት ጊዜ ይጠጣል፣ መቼ ይነቀላል። ባቱ ስንደርስ ከእኔ የበለጠ ስለ ሽንኩርት ታውቅ ነበር። ሀጂ ለእሷ ይመልሳሉ፤ ለእኔ ግን «በዚህ ታጠፍ» ብቻ።

ቡልቡላ ገበያው መሃል ቆምን። በማዳበሪያ ሽንኩርት፣ በቅርጫት ቲማቲም፣ ከቃጫ ገመድ እስከ ፓምፕ ጎማ ተዘርግቷል። ሞንታርቦውን ከፈትኩ። በዚህ መሣሪያ ጫማ ሸጫለሁ፣ ፍራሽ ሸጫለሁ፤ አንድ ጊዜም ራሴን አላስተዋወቅኩም። በአማርኛ ተናገርኩ፣ ባለችኝ ኦሮምኛም ደገምኩ፦ ያ የዘር ምርቃት በማሽን የተሠራ ነው፣ ሀጂ አልመረቁትም፣ ድምፃቸውን ሳላስፈቅድ ቀርጬ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ አሚናችሁን ያወጣሁትም እኔ ነኝ። ገበያውን ሦስት ጊዜ ዞርኩ። አንዱ ቲማቲም ወረወረብኝ፤ የበሰለ ስለነበር አመሰግነዋለሁ።

ተመልሼ ስመጣ ሰዉ ሀጂን ከቦ ቆሟል። «ሰማችሁ?» አሉ። «ሰማን!» አሉ። «የትኛው ሀጂ ነው የሚያስታርቃችሁ?» «እርስዎ!» ማይኩን ላቀብላቸው እጄን ስዘረጋ በከዘራቸው ገፉት። ያለ ማይክ ጀመሩ። «ዝናቡ በጊዜው ይምጣላችሁ» አሉና ቆሙ፤ ገበያው «አሚን!» አለ። ቀና ብለው አዩ፤ ዳር ላይ የቆሙ ሁለት ወንድማማቾች አፋቸውን ዘግተዋል። ጠሯቸው፤ የቦይ ውሃ ነበር ያጣላቸው። አስጨበጧቸውና ቀጠሉ። ባለሙያዋ ሽንኩርት ማዳበሪያ ላይ ተቀምጣ ጻፈች፣ ሰረዘች፣ እንደገና ጻፈች፤ ምርቃቱ ሲያልቅ እሷም አሚን ስትል ሰማኋት። ከስድስት ወር በኋላ ረቂቁ እንደገና አዳማ ሲመጣ ያቺ «ቆርጦ ማውጣት» የምትለዋ መስመር እዚያው ነበረች፤ የአዲስ አበባ ትልልቅ አለቆቿ ቢጋፏትም አልተነቀለችም፤ እኔም ያን ቀን ነቅቼ ሰማኋት።

በዚያ የገበያ ቀን ቡልቡላ ላይ ግን ሽቦዬን ስጠቀልል አንዲት ዘሩ ያልበቀለላት ሴት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መጣችብኝ።

«ስንት ሰጠህ?» አለችኝ።

«ማን?»

«ድምፃቸውን የወሰደው ሰውዬ ነዋ! ስንት ተቀበልክበት?»

«ምንም።»

«አታፍርም? የእኔን ግማሽ ማሳ በነጻ?»

ሀጂም ባለሙያዋም ይሰሙ ነበር። ለዚህ የሚሆን ቀልድ ፈልጌ አጣሁ።

«‘ጋሼ፣ እንደ አንተ አጥርቶ የሚቀርጽ ሰው አገሩ ላይ የለም’ አለኝ» አልኳት። «ለዚያ ነው የሰጠሁት። እንዲያውም ይበልጥ እንዲያመሰግነኝ ብዬ ፍላሹን ራሴ ባቱ ድረስ ወሰድኩለት።»